ለሁለት የሚሆን አፍንጫ

የውበት ዕቃ ሻጭ ሲባል ፊቷን በቀለም የለሰነች፣ ቅንድቧን ነቅላ በእርሳስ የሣለች ሴት ከታየቻችሁ ተሳስታችኋል። ሽቱ እንዲያ አይደለችም። ከአንድ ያረጀ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ቆማ እጇን ብትዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ በምትነካባት ሱቅ ውስጥ፣ ሃምሳን የተሻገረ ፊቷን እንደ ታጠበ ብርጭቆ አጥርታ ትቀመጣለች። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው መደርደሪያውን ሳይሆን እሷን ነው።

"እትዬ ሽቱ፣ እባክዎ ምን እንደሚቀቡ ይንገሩን?" ይሏታል ወጣቶቹ።

"ሳሙና፣ ግሊሰሪን፣ የጽጌረዳ ውኃ። በቃ።"

"ይሄ ብቻ?"

"ምን ልጨምርበት፣ በርበሬ? ማታ ታጠቢ፤ ፊትሽ ሳይደርቅ ግሊሰሪኑን በጽጌረዳ ውኃ አቅጥነሽ ቀባ ቀባ አድርጊ። ጠዋት ውኃ ብቻ። ለከንፈርሽ ቫዝሊን። ፀሐይ ላይ የምትውይ ከሆነ ያቺን የፀሐይ ክሬም፣ እሷንም ርካሿን። ከዚያ ፊትሽን ተይው፤ እሱም የራሱ ሥራ አለበት።"

አንዷ ውድ ክሬም ልግዛ ብላ ድርቅ ካለች ደግሞ፣ "ልጄ፣ ይሄ የሚያጠራው ፊትሽን ሳይሆን ቦርሳሽን ነው" ትላታለች። እንዲህ እያለ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከሷ በቀር አላየሁም። ሰው የሚወዳትም ለዚህ ነው።

ሽቱ ስሟ አይደለም፤ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። ሽቱ ያሰኛት አፍንጫዋ ነው። የማንኛውንም ዕቃ ክዳን ከፍታ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፣ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ ከዚያ ፍርድ ትሰጣለች። "ይሄ ፀሐይ መትቶታል።" "ይሄ ተከፍቶ የታሸገ ነው።" "ይሄ ፎርጂድ ነው፣ ሂጂና ፊቱ ላይ ወርውሪለት።" ከሌላ ሱቅ የገዙትን ሳይቀር ይዘውላት ይመጣሉ። አከፋፋዮቹ እንኳ እሷ ሱቅ ሲደርሱ ትንሽ ጠንቀቅ ይላሉ።

ከትላልቅ ጀሪካን እየቀዳች ባዶ ጠርሙስ ለያዘ ሰው በርካሽ ትሞላለች። በስተቀኝ የጽጌረዳ ውኃ፣ በስተግራ አሴቶን፣ ያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው። ሁለቱም እንደ ውኃ የጠሩ ናቸው፣ ጀሪካኖቹም አንድ ዓይነት ናቸው። አንዳቸውም ላይ አንዲት ፊደል አልተጻፈም። ላዩ ላይ ጻፊበት ያሏት ብዙ ናቸው። "አፍንጫዬ እያለ ጽሑፍ ምን ያደርግልኛል?" ትላቸዋለች፣ ኮራ ብላ።

ታዲያ ያ አፍንጫ አንድ ቀን ጥሏት ሄደ።

ያን ሰሞን ሰፈሩን ሁሉ አልጋ ላይ የጣለ ከባድ ጉንፋን ነበር። እሷንም ጣላት። ሲሻላት ሱቋን ከፈተች፣ እንደ ልማዷ የጽጌረዳውን ጀሪካን ከፍታ አሸተተች፤ ምንም። ሳሙናውን አሸተተች፤ ምንም። አሴቶኑን ከፍታ ብትስበው አፍንጫዋን በረድ አደረገው እንጂ ሽታ የሚባል የለም። ጉንፋኑ ገና አለቀቀኝም ብላ ጠበቀች። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ሐኪሙ መብራት አብርቶ አፍንጫዋን አየና፣ "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አላት። እሱንማ እሷስ መቼ አጣችው!

ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትናገር? አፍንጫ የሌላት ሽቱ ማን ናት? ደረጃ ሥር ተቀምጣ ቫዝሊን የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ። የእንጀራ ገመዷ በዚያች አፍንጫ ላይ ነበር የተንጠለጠለው፤ ደግሞ ከእንጀራውም በላይ ክብሯ። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ብልኃት አላጣችም። ክዳኑን ትከፍታለች፣ ታስጠጋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ "እስቲ አንቺም አሽቺው" ብላ ለደንበኛዋ ትሰጥና ፊቷን ማየት ነው። የአፍንጫዋ ጫፍ ሸብሰብ ካለ "አየሽ! ተበላሽቷል" ትላለች። ግንባሯ ፈታ ካለ "ጥሩ ዕቃ ነው፣ ውሰጂ።" ፊት ማንበብ እንዲህ ተማረች፤ ከአፍ ቃል ሳይወጣ በፊት ታውቃለች። ግን በየቀኑ ማታ ሱቋን ስትዘጋ ጀርባዋ በላብ ይርሳል። ዛሬም አልተነቃብኝም ትላለች፣ ነገስ?

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የጓደኛዋ ነገር ነው።

ጓደኛዋ ልብስ ሰፊ ናት። ከአንድ ወንበር ላይ ፊደል የቆጠሩ፣ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ያረሰች፣ አንዷ ባል ስትቀብር ሌላዋ ወገቧን የደገፈች ሴቶች ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ከአንድ ትልቅ የስፌት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ስታስኬድ ትውላለች። ዓይኗ ነው የሚያበላት። ወደ ማታ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁራታል፤ ለዚያ መላውን የሰጠቻት ሽቱ ናት። "ቤትሽ ስትገቢ ጥጥ በጽጌረዳ ውኃ ነክረሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ከላዩ አድርጊና ጋደም በይ።" ልብስ ሰፊዋ ይህን አንድ ቀን እንኳ አታጓድልም። ያላት የውበት ነገር እሱ ብቻ ነው፤ እሱና ለእጇ የምትቀባው ግሊሰሪን።

ያ ጉንፋን እሷንም አልማረም። አንድ ቀን ወደ ሱቋ መጣችና ባንኮኒውን ተደግፋ አለቀሰች። "ሽታ ጠፋብኝ እኮ፣ እህቴ። የተበላሸ ወተት ጠጥቼ ሦስት ጊዜ አስመለሰኝ። እሱስ ይሁን። የሟቹን ኮት ከቁም ሳጥን አውጥቼ ባሸት፣ ባሸት፣ ምንም የለም። ሁለተኛ የሞተብኝ መሰለኝ።"

እኔም እንዳንቺ ነኝ ማለት ያኔ ነበር። ቃሉ ከሽቱ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከላይ ካለው የውበት ሳሎን የወረደችው ጥፍር ሠሪ አጠገባቸው ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች፤ የጥፍር ሠሪ ጆሮ ደግሞ እንኳን የተነገረውን ያልተነገረውንም ይሰማል። ስለዚህ ሽቱ የጓደኛዋን እጅ ያዘችና፣ "አይዞሽ! አንቺን ምን ቸገረሽ፣ የኔ አፍንጫ ለሁለታችን ይበቃል" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ሳቀች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሽቱ ልትጠይቃት ስትሄድ ሥራ ይጠብቃታል። "እስቲ ወተቱን አሽቺልኝ። እስቲ ይሄን ሥጋ።" ወተቱን ቀመስ አድርጋ፣ ሥጋውን በዓይኗ መዝና ታልፈዋለች። አንድ እሑድ ግን፣ "የሲሊንደሩን ጎማ አስቀይሬው ነበር፤ እስቲ ጋዝ ይሸት እንደሆን እዪልኝ" አለቻት። ጋዝ አይቀመስ፣ በዓይን አይታይ። ሽቱ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ ተነፈሰች። ቀና አለች። "ሰላም ነው" አለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ በማግሥቱ ግን ሥራ በዛና ነገሩ ተረሳ።

አሁን ወደዚያች ቀን እንምጣ።

ጠዋት ከደረጃው ላይ ውኃ እየተንጠባጠበ ሱቋ ገባ። የሕንፃው ጥበቃ፣ ደግ ሰው ነው፣ ሮጦ መጣና ጀሪካኖቹን አውጥቶ ወለሉን ወልውሎ መልሶ አስገባላት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። የቀኙን ግራ፣ የግራውን ቀኝ አድርጎ እንደመለሳቸው እሱም አላወቀ፣ እሷም አላወቀች። ድሮ ቢሆን ገና ክዳኑ ሲከፈት ታውቀው ነበር።

በምሳ ሰዓት ልብስ ሰፊዋ ባዶ ጠርሙሷን ይዛ እየተቻኮለች መጣች። ሽቱ ከቀኙ ጀሪካን ቀዳችላት። እንደ ልማዷ ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። "ዛሬ የተቀጠፈ ነው የሚመስለው!" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ጉንጯን ስማት፣ "አንቺ ባትኖሪ ዓይኔ ድሮ ነበር የሚጠፋው" ብላ ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች።

ወደ አመሻሹ ላይ ጥፍር ሠሪዋ ከላይ እየተንደረደረች ወረደች፤ ጠዋት ያስሞላችውን ጠርሙስ ይዛለች። "እትዬ ሽቱ፣ ምን ጉድ ነው የሰጡኝ? ብፈትግ ብፈትግ ቀለሙ ንቅንቅ አይልም! ደንበኛዬ ደግሞ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሸተትኩ እያለች ትስቅብኛለች!"

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሽቱም ልትስቅ አፏን ከፈተችና ክው ብላ ቀረች። አሴቶን ያለችው ጽጌረዳ ከሆነ፣ ጽጌረዳ ያለችው ምንድን ነው? ዛሬ የጽጌረዳ ውኃ ብላ የቀዳችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

"እትዬ ሽቱ? አመመዎት እንዴ?"

ሽቱ ስልኳን አንስታ ለጓደኛዋ ደወለች፤ ዝግ ነው። የስፌት ቤቱ አለቃ ጠዋት ጠዋት የሠራተኛውን ስልክ ሁሉ ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋል፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ስትወጣ ብትወስደውም እራቷን እስክትበላ አትከፍተውም። ሽቱ ሱቋን እንኳ አልዘጋችም። "እዪልኝ!" ብላ ጥፍር ሠሪዋን እዚያው ገትራት ወጣች።

ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ክዳኑን ገና ሲከፍት አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል። አሴቶን የሚደበቅ ነገር አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ግን ነክራ፣ ጨምቃ፣ እንደ ውኃ ዓይኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ለምን አትል! አፍንጫ አላት አይደል፣ ለሁለት የሚሆን!

ስፌት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ዘበኛው ሰንሰለቱን እየሳበ ነበር። "አሁን ወጡ። ዛሬ ቀደም ብለው ነው የወጡት፤ መብራት ጠፋና።"

ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍታ ገባች። መንገዱ ተዘጋግቷል። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ያፏጫል፤ አንቂው አንቂው አላት። ልብስ ሰፊዋ አሁን ከአውቶቡስ ወርዳለች። አሁን በሩን ከፍታለች። አሁን ጫማዋን አውልቃለች። ሽቱ እያንዳንዱን ነገር ታየዋለች፤ ጥጡ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች። "ወራጅ አለ!" ብላ ጮኸች፣ መሐል መንገድ ላይ ወረደችና በመኪናው መሐል እግሬ አውጪኝ አለች።

ይሄንንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሰው ልጅ ጉዱ ብዙ ነው። እየሮጠች፣ ትንፋሿ እየተቆረጠ፣ ውሸት ታዘጋጅ ነበር። አከፋፋዩ አሳስቶኝ ነው እላታለሁ። የለም፣ ጠርሙሱ ተሰንጥቋል ብዬ እቀበላታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ማወቅ የለባትም። ከደረስኩማ ምንም አታውቅም። የጓደኛዋ ዓይን በአንድ በኩል፣ የራሷ ስም በሌላ በኩል፣ ሁለቱንም ተሸክማ ነው የምትሮጠው።

ግቢው ውስጥ ገባች። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጋ ገባች።

ልብስ ሰፊዋ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ሁለት ነጭ ጥጥ ሁለት ዓይኗ ላይ። እጆቿ አንሶላውን ጨብጠዋል፤ ጥርሷን ነክሳለች።

ሽቱ ዘላ ጥጦቹን መንጭቃ ወረወረቻቸው። "ዓይንሽን እንዳትገልጪ! እንዳትነኪው! ተነሺ!"

"ምነው! ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ?"

እየጎተተች ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወሰደቻት። ጎንበስ አድርጋ ይዛ፣ ውኃውን እንደ ልቡ ለቃ፣ በእጇ እየዘገነች አጠበቻት፤ ፊቷን፣ ሽፋሽፍቷን፣ ዓይኗን ገልጣ ውስጡን። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ታገለች፣ ከዚያ ራሷን ለሽቱ እጅ ለቀቀች። ሽቱ ክንዷ እስኪደነዝዝ አጠበቻት።

"አሁን ገና ጋደም ማለቴ ነበር" አለች ልብስ ሰፊዋ ውኃው ከአገጯ እየወረደ። "ቆጠቆጠኝ። በጣም ነው የቆጠቆጠኝ። ላነሳው አልኩና፣ አንቺ የሰጠሽኝ ነው ብዬ ቻልኩት።"

ያ ሁሉ የተዘጋጀ ውሸት የት እንደገባ እንጃ። ሽቱ ጓደኛዋን ወደ ቤት አስገብታ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። ዓይኖቿ ደም መስለዋል።

"ይታይሻል?"

"ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል። መርፌ አቀብዪኝ።"

ከመርፌ መያዣው አንዲት ቀጭን መርፌና ጥቁር ክር አቀበለቻት። ልብስ ሰፊዋ የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አሾለች። መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳች። ክሩ አለፈ፤ በጎን። እንደገና ሞከረች፤ ጎበጠ። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ሽቱ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ልመና ለምና አታውቅም። ልብስ ሰፊዋ ክሩን መልሳ አሾለችና ገፋ አደረገችው። ገባ።

ሽቱ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "ቢሆንም ሐኪም ያየዋል፤ አሁኑኑ እንሄዳለን" አለች።

"እሺ። መጀመሪያ ግን ምን እንደሆነ ንገሪኝ።"

"አሴቶን ነው። ጀሪካኑ ተቀያይሮ ነው።"

"አሽትተሽው ሰጠሽኝ እኮ። ፊት ለፊቴ። የተቀጠፈ ነው አልሽኝ።"

"አይሸተኝም።"

"ምን?"

"አይሸተኝም! እኔም እንዳንቺ ነኝ። ምንም፣ ምንም አይሸተኝም።"

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን እንደያዘች ነው። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ካንቺ በፊት ጀምሮ።"

ልብስ ሰፊዋ ያንን ቀን፣ ባንኮኒው ላይ ያለቀሰችበትን፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትን እሑዶች ሁሉ አንድ በአንድ መልሳ እያየቻቸው እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቃል። ሽቱ ያንን ፊት ማንበብ አልፈለገችም፤ ግን ለምዳዋለችና አነበበችው።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ" አለች ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ፣ "ማን ነበር የሚያሸትልኝ?"

ሁለቱም፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ከምድጃው አጠገብ ጥግ ወደቆመው ሲሊንደር ዞሩ። ሰላም ነው ያለችው ሲሊንደር። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል፤ አጠገቡ የክብሪት ቀፎ ተቀምጧል።

"ለእራት ልለኩሰው ነበር" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ጋደም ብዬ ስነሳ።"

ሽቱ ብድግ አለች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "ጎረቤት! እባካችሁ አንድ ሰው ይምጣልን! ኑና አሽትቱልን፣ ሁለታችንም አይሸተንም!" ብላ ጮኸች። ያን ያህል ጊዜ በላብ የደበቀችውን ነገር እንዲህ አደባባይ አወጣችው። ከየበሩ ራስ ብቅ ብቅ አለ።

ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው ትኬት ቆራጭ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ መጣች። "ምን ሆናችሁ? ኧረ ይሄ ቤት ምን ምን ይላል! ጥፍራችሁን ልትሠሩ ነው እንዴ?" ብላ እየሳቀች ገባች።

"እሱን ተዪው" አለቻት ሽቱ። "እዚያ ጋ። እዚያ ጥጉ ጋ ጎንበስ በይ።"

ትኬት ቆራጯ ጎንበስ አለች። ሽቱ የምታየው ፊቷን ብቻ ነው። የአፍንጫዋን ጫፍ፣ የቅንድቧን መሐል፣ የከንፈሯን ዳር። ሳቁ መጀመሪያ ከዓይኗ ጠፋ፣ ከዚያ ከአፏ። ሽቱ ቃሉን አልጠበቀችም፤ የክብሪቱን ቀፎ አንስታ በበሩ ወደ ውጭ ወረወረችው።

"ማብሪያ ማጥፊያውን ማንም እንዳይነካ" አለች ትኬት ቆራጯ በቀስታ፣ የሲሊንደሩን ቁልፍ እየዘጋች። "ውጡ። መስኮቱን እኔ እከፍተዋለሁ።"

ሁለቱ ጓደኛሞች ግቢው ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ እርጥብ ፎጣ ዓይኗ ላይ ይዛለች፤ መርፌዋ ከነክሩ አሁንም በጣቶቿ መሐል ነው። ሽቱ ስድብ ጠበቀች፣ እርግማን ጠበቀች፣ ሁለተኛ ዓይንሽን አልይ መባልን ጠበቀች።

"ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ" አለች ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ ከፎጣው ሥር፣ "አብረን እናለቅስ ነበር። ሌላ ምን ፈልጌ ነበር የመጣሁት?"

ሽቱ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ልብስ ሰፊዋ አላባበለቻትም። ግን ከድንጋዩ ላይ ፈቀቅ አላለችም፤ ትኬት ቆራጯ ልብሷን ቀይራ ሐኪም ቤት እስክትወስዳቸው ድረስ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ተቀመጡ።